ባቡር ስለሚመስለው ተቀጣጣይ አውቶብስ፣ ቤልፋስት ላይ ካየሁት

ወንድሜ፣ «ይሄ ባቡር የሚመስለው ተቀጣጣይ አውቶብስ እውነት የባቡርን ሥራ ይሠራል ወይስ መልኩ ብቻ ነው? ለአዲስ አበባስ ሀዲድ ከመዘርጋት አይሻልም?» ብለህ ጠይቀሃል። ሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት በኖርኩበት ጊዜ ሥራ የምመላለሰው በዚሁ ስለነበር የማውቀውን ልንገርህ።

እዚያ «ግላይደር» ይሉታል፤ በፈረንጆቹ መስከረም 2018 ነው የጀመረው። ሐምራዊ ነው፣ 18 ሜትር ይረዝማል፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ስታየው ሀዲዱ የት አለ ትላለህ። ጂ 1 የሚባለው መስመር የከተማውን ምሥራቅና ምዕራብ ሳትወርድ ያገናኝልሃል፤ ሕዝቧ በሃይማኖትና በፖለቲካ ተከፋፍሎ ለኖረባት ቤልፋስት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ግን ባቡር ባቡር ያለኝ በሩ ላይ ነው። ሦስት ሰፋፊ በሮች ባንዴ ይከፈታሉ፤ በፈለግከው ትገባለህ፣ በፈለግከው ትወርዳለህ። ሾፌሩ ሳንቲም አይነካም። ትኬት ፌርማታው ላይ ካለው ማሽን ትቆርጣለህ፣ ካርድ ካለህ ደግሞ ከመሳፈርህ በፊት እዚያው ታስነብባለህ። (አንድ ጠዋት እየሮጥኩ ደርሼ ማስነበቡን ረሳሁትና ተቆጣጣሪ ያዘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከፈልኩ።) የፌርማታው ጠርዝም ከፍ ያለ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ማንንም «አግዙኝ» አትልም። ሰው እንደ ጉድ ቢሰለፍ እንኳ በደቂቃ ውስጥ ተጭኖ ይሄዳል።

ጉድለቱስ? መንገዱ ነው። አብዛኛው ቦታ ላይ የአውቶብስ መስመሩ የሚከበረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ታክሲና ሳይክል ይገባበታል። ምሽት ላይ የቤት መኪኖች ይቆሙበታል፣ ያኔ ያ ሁሉ አፍንጫ ይዞ እንደማንኛውም አውቶብስ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። አስፋልቱ በተቦረቦረበት ደግሞ መቀጣጠያው አጠገብ ከቆምክ ሆድህ ያውቀዋል፤ ጎማ ጎማ ነው። ፈረንሳይ ሜትስ ከተማ በ2013 የጀመሩት 24 ሜትር የሚረዝመውን፣ ባለሁለት መቀጣጠያውን ነው፤ ፋብሪካው ያው የቤልጅየሙ ቫን ሁል ነው። እዚያ ግን አብዛኛውን መንገድ ለብቻው ለይተው ስለሰጡት ሲሄድ ልክ እንደ ባቡር ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ ወጪው ከሀዲድ እንደሚያንስ አልክድም። ግን ሚኒባስና የቤት መኪና እንዳይገቡበት መስመሩን በግንብ ካልለዩለት፣ ረጅም ስለሆነ መገናኛ ላይ ከአንበሳው ብሶ ነው የሚቀረቀረው። መለዋወጫም አለ። በፈረንጆቹ 2015 ሥራ የጀመሩት 41 የከተማ ባቡሮቻችን ስንቱ በመለዋወጫ እጦት እንደቆመ አይተናል። አውቶብስ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ያመልጣል እንዳትል፤ ቫን ሁልም በ2024 ከስሯል።