ጣናን ለመለካት ለተነሣችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆች፣

የናሙና ጠርሙስ ይዛችሁ ጣና ዳር ስትደርሱ፣ ከታንኳ ቀዛፊው ጀምሮ ሁሉም የሚጠይቃችሁ «ባሕሩ እንዴት ሆነ? ታሟል ወይስ ደህና ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ የአንድ ቃል መልስ ግን የለውም። የባሕር ዳር ከተማ ፍሳሽ የሚወርድበት ጥግ፣ የመገጭ ወንዝ የሚገባበት የደንቢያ ዳርቻና የሐይቁ መኻል የተለያዩ ውኃዎች ናቸው። ለመጠጥ፣ ለዓሣና ለመስኖ የሚፈለገው ንጽሕናም አንድ አይደለም። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት የትኛውን ውኃ፣ ለየትኛው ጥቅም፣ በየትኛው ወቅት እንደምትመረምሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ይህን ሳይወስን የሚለካ ሰው ሠንጠረዡን ይሞላል እንጂ ለቀዛፊው የሚመልሰው አያገኝም።

ከቀላሉ መሣሪያ ልጀምር። ሴኪ ዲስክ ብርሃን ምን ያህል ወደ ውኃው እንደሚዘልቅ የሚያሳይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በአራት የተከፈለ ክብ ሳህን ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ጥላ በኩል፣ የፀሐይ መነጽር አውልቃችሁ አውርዱት። ከዓይን ሲሰወር የገመዱን ምልክት አንብቡ፤ ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱና ቀስ እያላችሁ ሳቡት፤ ብቅ ሲል እንደገና አንብቡ። የሚመዘገበው የሁለቱ አማካይ ነው። ነፋስ ጀልባውን ከገፋው ገመዱ ስለሚጋደም ከእውነቱ የበለጠ ጥልቀት ታነባላችሁ፤ ከሳህኑ ሥር ክብደት አንጠልጥሉ። ገመዱንም አርጥባችሁ ከሜትር ጋር አመሳክሩት፤ ናይሎን ሲረጥብ ይለጠጣል።

ችግሩ ያለው ንባቡን ስትተረጉሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የካርልሰን ቀመር የሴኪን ጥልቀት ተቀብሎ ሐይቁ ምን ያህል በአልጌ እንደተሞላ ይነግራችኋል። ቀመሩ ግን ብርሃኑን የሚከለክለው አልጌ ነው ብሎ ይነሣል። በጣና፣ ይልቁንም በክረምትና በመስከረም፣ ብርሃን የሚከለክለው ደለል ነው። ቡናማውን ውኃ ቀመር ውስጥ ብትከቱት አልጌ የሞላው ሐይቅ ያወጣላችኋል፤ አልጌው ግን በቦታው የለም። ክሎሮፊልን (የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም) እና ድፍርስነትን አብራችሁ ካልለካችሁ ቀመሩን አትንኩት።

የሟሟ ኦክስጅንም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ውኃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በባሕር ጠለል 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን፣ እዚህ በ7.3 አካባቢ ይሞላል። መሣሪያውን በአካባቢው የአየር ግፊት ካላስተካከላችሁ ወይም ውጤቱን ከባሕር ጠለል ሠንጠረዥ ጋር ካነጻጸራችሁ፣ ጤነኛውን ውኃ «ኦክስጅን አነሰው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አልጌና ተክል ቀን ኦክስጅን ያመርታሉ፣ ሌሊት ይተነፍሳሉ፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ንባብ የሚገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከእምቦጭ ምንጣፍ ሥር ዓሣው ለምን እንደሸሸ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ሳይሆን በሌሊቱ 11 ሰዓት መገኘት አለበት። ይህን የማይመች ሰዓት ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ የሪፖርቶቻችን ኦክስጅን ሁልጊዜ ጥሩ መስሎ የሚታየውም በከፊል በዚህ ነው።

ጠርሙስን በተመለከተ አጭር ልሁን። ለፎስፈረስ የሚሆነውን ጠርሙስ በሳሙና አትጠቡ፤ 10 በመቶ በሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ በተጣራ ውኃ ይለቅለቅ። የኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚያመለክት ባክቴሪያ) ጠርሙስ ግን ተሕዋስያን እንዳይኖሩበት ተቀቅሎ የመጣ ስለሆነ በሐይቁ ውኃ አይለቅለቅም፤ አፉን በእጅ ሳትነኩ ቅዱ፣ ከላይ ትንሽ አየር ተዉለት፣ በበረዶ ሣጥን ይዛችሁ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሱ። ናይትሬት ላይ ደግሞ አሃዱን ሳታዩ አትለፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር እንደ ናይትሬት ሲሰላ ነው፤ እንደ ናይትሬት ናይትሮጅን ከተሰላ 11.3 ይሆናል። ብዙ ኪቶች (የመመርመሪያ ዕቃዎች) በሁለተኛው ነው የሚያነቡት። 15 ያነበበ ሰው «ከ50 በታች ነው» ብሎ ቢያልፍ፣ ከወሰኑ በላይ የሆነ ውኃ አስጠጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተፋሰሱ እንውጣ፤ የሐይቁ ጤና የሚወሰነው እዚያ ነውና። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ውኃ የሚልክለት መሬት የራሱን አራት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። አብዛኛውን የወንዝ ውኃ የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በወር አንድ ቀን ድልድይ ላይ ቆሞ ናሙና መቅዳት በእነዚህ ወንዞች ላይ ከንቱ ድካም ነው ብል አላጋነንኩም። ለምሳሌ ያህል እናስላ። በበጋ 2 ሜትር ኩብ በሰከንድ የሚፈስ ወንዝ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ደለል ቢይዝ፣ በቀን 8.6 ቶን ገደማ ያወርዳል። ያው ወንዝ በጎርፍ ቀን 200 ሜትር ኩብ በሰከንድ ደርሶ በሊትር 3,000 ሚሊ ግራም ቢይዝ፣ የአንድ ቀን ጭነቱ ከ51,000 ቶን ያልፋል። ስድስት ሺህ የበጋ ቀናት በአንድ ቀን ገቡ ማለት ነው። ያን ቀን ቤታችሁ ከዋላችሁ የዓመቱን ደለል አላያችሁም።

ጎርፉም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። በክረምቱ መግቢያ መሬቱ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ራቁቱን ስለሚሆን ወንዙ በጣም ይደፈርሳል፤ በነሐሴ ሰብሉ መሬቱን ስለሚሸፍነው ያው የውኃ መጠን ያነሰ ደለል ይይዛል። በሐምሌ መጀመሪያ የተሠራ የፍሰትና የደለል ቀመር ለነሐሴ ሲውል የሚያጋንነው ስለዚህ ነው። በአንድ ጎርፍ ውስጥም ውኃው እየጨመረ ሳለ የተቀዳው እየጎደለ ሳለ ከተቀዳው ብዙ ጊዜ ይብሳል። ስለዚህ በየጎርፉ ሲጨምርም ሲጎድልም ቅዱ፤ ከዳር ሳይሆን ከድልድይ፣ በሦስት ቦታ፣ ከላይ እስከ ታች። ከዳር ሆኖ ከውኃው ፊት ብቻ የተቀዳ ጠርሙስ ከሥር የሚንከባለለውን አሸዋ አያውቀውም።

እምቦጭን በሳተላይት ለምትከታተሉም አንድ ቃል አለኝ። አረሙ በጣና እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የሄክታር ቁጥሩ በየዜናው ይወጣና ይወርዳል። ከፊሉ ውጣ ውረድ የነፋስ ሥራ ነው፤ ነፋስ ምንጣፉን ወደ ዳር ሲጠቀጥቀው ስፋቱ ይጠባል፣ ሲበትነው ይሰፋል፤ አረሙ ግን ያው ነው። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በ10 ሜትር ጥራት በየ5 ቀኑ ቢያልፍም በክረምት የሚያየው ደመና ነው። ደንገሉንና የፎገራን ሩዝም አረንጓዴ ብሎ አብሮ ይቆጥራል። በዚያ ላይ ዳርቻው ራሱ ይሄዳል፤ በመስከረም ውኃ የነበረው በግንቦት ባሕር ሸሽ ሆኖ ታርሶ ታገኙታላችሁ። የዚያን ቀኑን ዳርቻ ሳትሰምሩ ሄክታር አትናገሩ።

ውጤቱን ለሰው ስትነግሩ ደግሞ ሌላ ሙያ ይጀምራል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በኩል ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ እንደ ተማሪ በየዓመቱ የፊደል ውጤት ይሰጠዋል። እኔ ከዚያ የምወደው ፊደሉን አይደለም። ወሰኑ ልኬቱ ሳይጀመር መቀመጡን፣ ውጤቱም ለየአካባቢው ተለይቶ መሰጠቱን ነው። የጣናን ሁሉ ደምሮ አንድ ፊደል የሚሰጥ ሰው የመኻሉን ጥሩ ውኃ አንሥቶ የዳርቻውን ፍሳሽ ይሸፍንበታል።

«አልተገኘም» እና «የለም» አንድ አይደሉም፤ ኪታችሁ ከስንት በታች እንደማያይ ጻፉ። «ውኃው አደጋ የለውም» አትበሉ፤ ምን እንደመረመራችሁና ምን እንዳልመረመራችሁ ንገሩ። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለውም ለሁሉ አይሆንም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትንና ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚያወጣውን መርዝ ግን አያጠፋም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል። በውኃው ፊት አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ መስሎ ስታዩ ምክሩ ሌላ ነው፤ ከዚያ ጥግ አትቅዱ፣ ልጆችን አታዋኙ፣ ከብት አታጠጡ።

ማስታወቂያውን የምትለጥፉት ሰው በሚቀዳበት ቦታ ይሁን። የጥጉን ስም ነዋሪው በሚጠራው ስም ጻፉ እንጂ «ጣቢያ 7» አትበሉ። የተቀዳበትን ቀን፣ ምን እንደሚደረግና እንደማይደረግ፣ ከሥሩም የሚቀጥለው ምርመራ መቼ እንደሆነ አስገቡ። ያ ቀን ሲደርስ ወረቀቱን በአዲስ ለውጡት፤ አዲስ ውጤት ከሌላችሁም ንቀሉት።