ጄኔቫ ወደብ ድረስ አትመጣም

አውሮፓ ሆናችሁ የእርሻ ምርት ለማስመጣት ላሰባችሁ ወገኖቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕቃችሁ ወደብ ላይ ሲያዝ «ይሄ እኮ የዓለም ንግድ ድርጅትን ሕግ ይጥሳል» ብላችሁ አትከራከሩ። ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ዕቃው ግን አይለቀቅም።

እኔ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ኮንቴይነሬ በፀረ ተባይ ቅሪት ተያዘ። የላብራቶሪው ቁጥር በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ በኮዴክስ፣ ያልፋል። በአውሮፓ ኅብረት ግን ይወድቃል። ኅብረቱ ለአንድ ኬሚካል የተለየ ገደብ ካላወጣለት በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ላይ ይዘጋዋል። የኮዴክሱን ገጽ አትሜ ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ በጨዋነት አየችው፤ ከዚያ የራሷን ሰንጠረዥ አዙራ አሳየችኝ። በቃ፣ አለቀ። ዲመሬጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ በቆየ ቁጥር የሚከፈለው ቅጣት፣ ግን እየቆጠረ ነው።

በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የምግብ ደኅንነት ስምምነት፣ ኮዴክስን መለኪያ ያደርጋል። ሳይንሳዊ ምክንያት ያለው አገር ግን ጠበቅ ያለ ደንብ ማውጣት ይችላል ይላል። ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም ብሎ የድርጅቱ መቀመጫ ጄኔቫ ላይ የሚሟገተው መንግሥት ከመንግሥት ጋር ነው። አስመጪ መክሰስ አይችልም።

መንግሥት ቢረታስ? ኅብረቱ በሆርሞን የደለበ ከብት ሥጋ እንዳይገባ ከ1989 ጀምሮ ከለከለ። አሜሪካና ካናዳ ከሰሱ፣ በ1998 ረቱ። ኅብረቱ እገዳውን አላነሳም። አሜሪካ በአውሮፓ ዕቃዎች ላይ መቶ በመቶ ቀረጥ ጫነች። በስተመጨረሻ ሆርሞን ለሌለው ሥጋ ኮታ ተከፍቶ ተስማሙ። እገዳው ዛሬም አለ።

የሙዙ ጠብ ደግሞ ይብሳል። ኅብረቱና አሜሪካ በሙዝ ማስመጫ ደንብ ተጣልተው የአሜሪካ የቀረጥ ቅጣት ያረፈው ባትሪ በሚሠራ የጣሊያን ድርጅት ላይ ነበር! ኩባንያው ካሳ ይገባኛል ብሎ ኅብረቱን ከሰሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 አይገባህም አለው።

ስለዚህ ትኩረታችሁ ከመጫኑ በፊት ይሁን። የኅብረቱ የፀረ ተባይ መረጃ ቋት ለማንም ክፍት ነው፤ ምርቱንና ኬሚካሉን አስገብታችሁ ገደቡን እዩ። ገበሬው የረጨውን በስም ጠይቁ። «ትንሽ መድኃኒት ነው» መልስ አይደለም። ናሙናውን እውቅና ባለው ላብራቶሪ አስመርምሩ። በድንበር ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ቢያንስ በየስድስት ወሩ ስለሚከለስ፣ አምና ያለፈ ዕቃ ዘንድሮ ሊያዝ ይችላል።

ከተያዘባችሁም በራሳችሁ ወጪ የሁለተኛ ባለሙያ አስተያየት የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቀኑ ሳያልፍ ጠይቁ።

ውላችሁ ላይም ዕቃው ቢመለስ ወጪው የማን እንደሆነ ይጻፍ። እኔ ያኔ ያቺን መስመር አልጻፍኳትም። ማን እንደከፈለ መገመት አያቅታችሁም።