ልብ ወለድ ለሚያነቡ ወጣት አማኞች

ውድ ልጆቼ፣

ልብ ወለድ ማንበብ ለክርስቲያን ጊዜ ማባከን ነው የሚል ምክር ከመልካም ሰዎች አንደበት ሳይቀር እንደምትሰሙ አውቃለሁ። የምክሩን መነሻ አከብራለሁ፤ ቅዱስ መጽሐፍን የሚተካ መጽሐፍ የለምና። ይሁን እንጂ ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ እጅግ ከባድ በሆነ ጉዳይ ላይ እንዴት ታሪክ እንደሚናገር አስተውሉ። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ካስገደለ በኋላ ወደ እርሱ የተላከው ነቢዩ ናታን ሕግ አልጠቀሰበትም፤ ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም ስላልነበረው ድሀ ሰው አወራው እንጂ። ንጉሡ በባለጠጋው ላይ ተቆጥቶ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። ዳዊት ሕጉን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ያጣው ራሱን እንደ ሌላ ሰው የሚያይበትን ስፍራ ነበር፤ ያንን ስፍራ የሰጠው ደግሞ ታሪኩ ነው።

ጥሩ ልብ ወለድም እንዲህ ያደርጋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ አድርገን እናስታውሰዋለን። እኔ ግን እንደ አማኝ ሳነበው ይበልጥ የሚይዘኝ የበዛብህ ወላጆች ስለት ነው። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ ዕድሜውን ሙሉ ለእግዚአብሔር ሰጡት፤ ፍቅራቸውም እምነታቸውም እውነተኛ ነበር፤ ስለቱን በሕይወቱ የሚከፍለው ግን ልጁ ነው። ይህን በትዕግሥት ያነበበ ሰው በእግዚአብሔር ስም የሚገባውን ቃል ማን እንደሚከፍለው ሳይጠይቅ አያልፍም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄም እምነትን ያጠራል እንጂ አያጠፋም።

በሕክምና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ልጃቸውን ላጡ ወላጆች «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቃሉ ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን ፈጥኖ ሲነገር ሐዘንተኛውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያጽናናውም። በዚህ ጉዳይ ከሩሲያዊው ደራሲ ከዶስቶየቭስኪ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» የበለጠ የረዳኝ ልብ ወለድ የለም። ደራሲው መጽሐፉን ማሳተም ከመጀመሩ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ አልዮሻ የተባለ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ ሞቶበታል፤ የልጁንም ስም ለመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ሰጥቶታል። ከወንድማማቾቹ አንዱ የሆነው ኢቫን የሕፃናትን ሥቃይ እየዘረዘረ እግዚአብሔርን ሲሞግት ደራሲው ክርክሩን አያዳክምበትም፤ የማያምን ሰው እንኳ ከዚያ የበረታ ክርክር ማቅረብ ይቸግረዋል። ታናሽ ወንድሙ አልዮሻ ነጥብ በነጥብ አይመልስለትም። ከዚያ ይልቅ ከታመመው ከትንሹ ኢልዩሻ ቤት ይመላለሳል፤ የተጣሉትን የትምህርት ቤት ልጆች በአልጋው ዙሪያ ይሰበስባል፤ ከቀብሩም በኋላ ስለ ትንሣኤ ይነግራቸዋል። የኢቫን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም፤ እኔም ከሐዘንተኛ አጠገብ ቶሎ ሳልናገር መቀመጥ የተማርኩት በአብዛኛው ከእነዚህ ገጾች ነው።

ስለዚህ ስታነቡ ከገጸ ባሕርያቱ መካከል የትኛው ጻድቅ፣ የትኛው ኃጥእ እንደሆነ ለመለየት አትቸኩሉ። የናቃችሁትን ሰው ለምን እንደናቃችሁት ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱ በጸሎት ጊዜ የምትናዘዙት ነገር ሊሆን ይችላል። የክርስቶስ ስም በየገጹ ስለተጠራ ብቻ መጽሐፉ መንፈሳዊ ነው አትበሉ፤ ስሙ ስላልተጠራም አትጣሉት። ልባችሁን የሚያደነድን ወይም ክፋትን የሚያስመኝ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ሳትጨርሱት ለመዝጋት አትፈሩ። ጥርጣሬ የሚያነሳ ምዕራፍ ሲገጥማችሁ ለብቻችሁ አትሸከሙት፤ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለመጋቢያችሁ ወይም በእምነት ለበረታ ታላቃችሁ አንብቡለት፤ መልስ እንዲሰጣችሁም ከመጠየቃችሁ በፊት እርሱ ራሱ ሲሰማው ምን እንደተሰማው ጠይቁት።