«ተሻለኝ» ብላችሁ እንዳትተዉት

ውድ ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ በሐኪምነት አርጅቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ወጣት ስለሚመርጥ በሽታ ነው፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤምኤስ። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ሴቶች ላይም ይበዛል። እኛ አገር ብዙ ስለማይታይ በቀላሉ ይታለፋል።

የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካሉን ያጠቃል። የአንጎል፣ የህብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቮችን የሚሸፍነውን ማይሊን ይጎዳል። አንዷ ተማሪ በአንድ ዓይኗ ብዥ ይልባታል፤ ዓይኗን ስታዟዙረው ያማታል። ቀይ የእስክሪብቶ ክዳን ብታሳዩአት በደህናው ዓይኗ ደማቅ ነው፣ በታመመው ግን የደበዘዘ። ሌላው እግሩ ይደነዝዛል። ቤተሰብ «ምች ነው» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል። በሳምንታት ውስጥ ይለቃል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመሙ በራሱ ጋብ ይላል፤ ያኔ የወሰዳችሁት ሁሉ ያዳናችሁ ይመስላል። ጸበል አትሂዱ አልልም፣ እኔም እሄዳለሁ። ስትመለሱ ግን ሐኪም ዘንድ ግቡ። ምልክቱ ጠፍቶም፣ ታማሚው ምንም ሳይሰማው፣ ኤምአርአይ ላይ አዲስ ቁስል የሚታይበት ጊዜ አለ።

ሙቀትም ያጋልጠዋል። ከአዲስ አበባ ስትመጡ አባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ዓይኑ ጭልም የሚልበት፣ ደጀን ወጥቶ ንፋስ ሲነካው የሚጠራለት ሰው ካያችሁ «መኪና አዙሮት ነው» ብላችሁ አትለፉት። የተጎዳ ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። አዲስ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ አሮጌው መኖሩን ግን ይጠቁማል።

ሕክምናው በእኔ ዕድሜ ነው የተለወጠው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታውን በ1868 አጥርቶ ገለጸ፤ አካሄዱን የሚቀይር የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኢንተርፌሮን ቤታ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ግን በ1993 ነው። በ2017 ኦክሬሊዙማብ መጣ፤ በየስድስት ወሩ በደም ስር ይሰጣል፣ ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ለሚብሰው ዓይነትም ተፈቀደ። በ2022 ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የተያዘ ሰው ለኤምኤስ ያለው ተጋላጭነት 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። አትደንግጡ፤ ቫይረሱ የማይነካው ሰው ጥቂት ነው፣ አብዛኛውም አይታመምም። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሪቱክሲማብን ጨምሮ ሦስት የኤምኤስ መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገባ። ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መገኘት ለየቅል ናቸው፤ እሱ ያናድደኛል። ፈጽሞ የሚያድንም የለም። ግርሻን ይቀንሳሉ፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልሱም። ቶሎ ኑ የምለው ለዚህ ነው።

ጋውን የለበሳችሁት ደግሞ፣ ልጅቷን «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትሸኟት። ለመፍረድም አትቸኩሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እግር ያደነዝዛል። ኤንኤምኦ የሚባለው የኤምኤስ አምሳያም አለ፤ አንዳንድ የኤምኤስ መድኃኒት እሱን ያብሰዋል።

ለታማሚዎች አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የትኛው ዓይን ወይም እግር እንደሆነ፣ መቼ እንደለቀቃችሁ ጻፉ። ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ሪፈር ስትባሉ ወረቀቱን ያዙ። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።