«ኮንፌሽን ቻናል ላይ ስሜ ጠፋ፤ የጻፈው ግን አይታወቅም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የግቢያችን ልጅ ሁሉ የሚከታተለው የቴሌግራም ኮንፌሽን ቻናል አለ። የፈለገ ሰው በቦት (መልእክት በራሱ በሚቀበል የቴሌግራም አካውንት) ይልካል፣ አድሚኑ ያለ ስም ይለጥፋል። ሰሞኑን «ውጤቷን የምታገኘው ከመምህሩ ጋር ተኝታ ነው» ተብሎ ስሜ ከነዲፓርትመንቴ ወጣ። የመምህሩም ስም አለበት። ለጥምቀት በሐበሻ ቀሚስ የተነሳሁትን ፎቶ ከፕሮፋይሌ ወስደው አብረው ለጥፈውታል። ወሬው ደባርቅ ቤተሰቦቼ ጋ ደርሷል። አድሚኑን አጥፋልኝ ስለው «እኔ አልጻፍኩትም» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ መጥቼ ልኩን አሳየዋለሁ እያለ ነው። የጻፈው ሰው ሳይታወቅ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትችያለሽ። የደረሰብሽ ነገር ከባድ ነው፤ ዝም ብለሽ እንድታልፊውም አልመክርሽም።

ከሁሉ በፊት ማስረጃውን ያዢ። አድሚኑን ደግመሽ ከመለመንሽ በፊት ማለቴ ነው። ፖስቱን የቻናሉ ስም፣ ቀኑና ያየው ሰው ብዛት እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። የፖስቱን ሊንክ ኮፒ አድርጊ። አድሚኑ በውስጥ መስመር የመለሰልሽንም እንዲሁ። ቴሌግራም ላይ እሱ ጭውውታችሁን ከአንቺ ስልክ ላይ ጭምር ማጥፋት ይችላል። ፖስቱን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ጓደኞችሽም ለምስክርነት ይጠቅሙሻል።

አሁን ወደ አድሚኑ። «እኔ አልጻፍኩትም» ማለቱ አያድነውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13(3) የሚቀጣው የሌላውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨን ሰው ነው። አንድ ሰው በቦት የላከውን አንብቦ፣ መርጦ፣ ለመላው ግቢ የለጠፈው አድሚኑ ነው። እኔ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ማሰራጨት ማለት ይኸው ነው። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ፖስቱን ፎርዋርድ ያደረጉትም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ክሱ የሚነሳው ግን በግል አቤቱታ ነው። አንቺ ካላመለከትሽ ማንም አይጀምርልሽም።

ጸሐፊውስ? እሱም የተደበቀው ከአንባቢ እንጂ ከቦቱ አይደለም። መልእክት ለቦት ሲላክ የላኪው የቴሌግራም መለያ ቁጥርና የአካውንቱ ስም ለቦቱ አብሮ ይደርሳል። ስለዚህ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው አድሚኑን ነው። ቴሌግራምም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎች ያለ ስም የሚጽፉበት ይክ ያክ የሚባል አፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ ላይ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎችን ለመግደል የዛተ ወጣት በማግስቱ ተይዟል። እኛ አገር እንዲህ ይፈጥናል ብዬ ግን አላታልልሽም። አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (መልእክት ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተላለፈ የሚያሳይ መረጃ) እንዲያቆዩ አዋጁ የሚያስገድዳቸው ለአንድ ዓመት ነው፤ አትዘግዪ።

የካሳ ነገር ያሳዝነኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ፎቶሽ ያለ ፈቃድሽ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ስም ማጥፋትም በአንቀጽ 2044 ያስጠይቃል። ነገር ግን ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የተቀመጠ ጣሪያ ነው፤ ዛሬ ለአንዲት ወጣት ስም ይህ ዋጋ መሆኑ ነውር ነው። ስለዚህ ጉልበትሽን በወንጀሉ አቤቱታ ላይ አውይው።

ወንድምሽን አደራ ያዢው። በስልክ የላከው አንድ የዛቻ መልእክት በዚያው አንቀጽ 13 እሱን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል፤ አድሚኑም የሚፈልገው ይህንኑ ይሆናል።

እንዲህ ያሉ ቻናሎች ሁሉ ይዘጉ የሚል ሐሳብ የለኝም። ውሃ የጠፋበት ዶርም ወይም ተማሪ የሚያስቸግር መምህር ያለ ስም ቢነገር ጥቅም አለው። ያንቺ ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

አቤቱታሽን በጽሑፍ አድርገሽ ለፖሊስ አቅርቢ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጠረሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ። ስሙ የተጠቀሰው መምህርም የራሱን አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ፈቃደኛ ከሆነ ሁለታችሁም ብታመለክቱ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል።