ምስሉ ደኅና ነው፤ ልጁ ግን ይወድቃል

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ሐኪሙ «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት ጀመረለት። ተበድረን ኤምአርአይ ተነሣ፤ «ምንም የለም» ተባልን። አሁን ዘመድ ሁሉ «እንግዲያው የመንፈስ ነው፤ መድኃኒቱን ይተው» ይላል።

መልስ፦ እባክዎ እናቴ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ድንገት ሲቋረጥ የከፋ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ጠበል ከወሰዳችሁትም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ኤምአርአይ የሚያሳየው የአንጎልን መልክ ነው፦ ዕጢ፣ ጠባሳ፣ የቆየ ጉዳት። የሚጥል በሽታ ደግሞ የአንጎል ኤሌክትሪክ መዛባት ነው። ግድግዳው ሳይሰነጠቅ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ቤት አይተው የለ? እንደዚያ ነው። ምስላቸው ደኅና የሆነ ሕሙማን እጅግ ብዙ ናቸው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢኢጂ እንኳ በተነሣበት ሰዓት ምንም ላያሳይ ይችላል። ብድሩ ግን አልባከነም፤ ዕጢ እንዳልሆነ አውቃችኋል።

ሐኪሙን ከማሽን ሁሉ በላይ የሚረዳው ሲወድቅ ያየ ሰው ነው። ጭንቅላቱ ወዴት ዞረ? የትኛው እጅ ቀድሞ ተንቀጠቀጠ? ስንት ደቂቃ ቆየ? አንዱ በስልክ ይቅረጽ፤ ሌላው በጎኑ ያስተኛው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይረዳም፤ ይቅር። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጥያቄ፦ እህቴ በሚጥል በሽታ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስዳ አልተሻላትም። ሲቲ ስካኗ ደኅና ነው። ኤምአርአይ ይጨምርልናል?

መልስ፦ አዎ፣ ለእሷ በጣም። በራጅ ጨረር የሚነሣው ምስል፣ ሲቲ ስካን፣ ፈጣን ነው፤ ለአደጋና ለደም መፍሰስ ይበጃል። በጆሮ ግንድ በኩል፣ ሂፖካምፐስ በተባለው ክፍል የሚቀመጠው ትንሽ ጠባሳ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። የኤምአርአይ ማዘዣው ላይ «ለሚጥል በሽታ» ተብሎ ይጻፍ፤ አንጎሉ በቀጫጭን ንብርብር የሚነሣው ያኔ ነው። ጠባሳው ከተገኘና መንቀጥቀጡ ከዚያ መነሣቱ ከተረጋገጠ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። ሁለት መድኃኒት በትክክል ተወስዶ ካልሠራ ይህን ለነርቭ ሐኪም ማንሣት መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ቁርጥ እወዳለሁ። ኮሶ አንጎል ገብቶ ይጥላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከበሬ ሥጋ የሚገኘው ኮሶ አንጎል አይገባም። የሚገባው የአሳማው ትል ዕጭ ነው። እሱም ቢሆን የሚተላለፈው ትሉን ከተሸከመ ሰው ዓይነ ምድር በሚወጣ እንቁላል፣ ባልታጠበ እጅና አትክልት በኩል ነው። ዕጩ ሞቶ ሲደርቅ በሲቲ ስካን ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል።