ዩሲ ሳን ዲዬጎ በእርግጥ «ሞቷል»? ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አራት ዓመት ተምሬ በቅርቡ ጨርሻለሁ። ዘንድሮ የምትገቡ ልጆች ከትምህርቱ ይልቅ ስለ ጨዋታው ነው የምትጠይቁኝ። አልፈርድባችሁም፤ እኔንም ያኔ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ዩሲ ሶሻሊ ዴድ» (ማኅበራዊ ኑሮው የሞተ ዩኒቨርሲቲ) ይሉታል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከመሬት ተነስተውም አይደለም። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የለንም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም። ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ የሚባሉት የወንዶችና የሴቶች የተማሪ ማኅበራት አሉ፣ ግን ቤቶቻቸው ተደርድረው ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚሰማበት መንገድ የለም። ግቢው ያለበት ላ ሆያ ደግሞ የሀብታም ሰፈር ነው፣ በጊዜ ይተኛል። ሎስ አንጀለስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች፣ አርብ ከሰዓት ሻንጣ እየጎተተ ወደ ቤተሰቡ የሚሄደውን ስታይ ሆድህ ይባባል።

ግን ከ40,000 በላይ ተማሪ ያለበት ግቢ እንዴት ይሞታል? ጨዋታው አለ። ክፍልህ ድረስ መጥቶ አያንኳኳም እንጂ።

ጥያቄ፦ ጓደኛ ለማግኘት ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኔ መጀመሪያ ትምህርቱን ላደላድል ብያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም እንዲሁ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት። እዚህ ሴሚስተር የለም፣ ኳርተር ነው። አንዱ ኳርተር 10 ሳምንት ነው፣ ከዚያ የፈተና ሳምንት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ሚድተርም ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይቸክላል። አዲስ ሰው ለመተዋወቅ የሚመቸው የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ነው።

ያኔ ወደ ጋይዝል ላይብረሪ በሚወስደው ሰፊ መንገድ፣ ላይብረሪ ዎክ በሚሉት፣ ክለቦች ጠረጴዛ ዘርግተው ይጠራሉ። እኔ ለአሥራ ምናምኑ ኢሜይሌን ሰጥቼ አንዱም ጋ አልሄድኩም። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ሳስበው በስሜ የሚጠራኝ ሰው የዶርም ጓደኛዬ ብቻ ነበር። እሱም አጠራሩን አበላሽቶ!

በሚቀጥለው ኳርተር አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ፦ በተነፋ ጎማ ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱት ዋተር ፖሎ። መቀመጫህ ውሃ ውስጥ ይዘፈቃል፣ እግርህ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ በእጅህ እየቀዘፍክ ኳስ ታሳድዳለህ። ደግሞ ዝም ብለህ በራስህ ዙሪያ ትሽከረከራለህ። ማንም ጎበዝ አይደለም፣ ስለዚህ ማንም አያፍርም። ከጨዋታ በኋላ ፀጉራችን ሳይደርቅ አብረን እራት እንበላ ነበር። ዛሬም የምደዋውልላቸው ልጆች ከዚያ ጎማ ላይ ያገኘኋቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?

መልስ፦ ለማያውቅ፦ ግቢው በስምንት ኮሌጆች የተከፈለ ነው፤ ስምንተኛው በፈረንጆቹ 2023 ነው የተከፈተው። ኮሌጅህ ዶርምህንና አስገዳጅ ኮርሶችህን ይወስናል እንጂ ጓደኛህን አይወስንም። ለወግ ከሆነ ረቬል አለ። በፈረንጆቹ 1965 የፊዚክስ ፈተና ላይ ከፎቅ የሚወድቅ ሐብሐብ ፍጥነት ተጠይቆ፣ ተማሪዎቹ ዩሪ ሆል ከሚባለው ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ እውነተኛውን ሐብሐብ ወርውረው አዩት። ወጉ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። የማንም ኮሌጅ ብትሆን ሄደህ እይ።

ጥያቄ፦ አልጠጣም፣ ጭፈራም አልወድም፣ ዓይን አፋር ነኝ። ምን ይዋጠኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህማ ላንቺ ይመቻል። ለመጠጥ 21 ዓመት መሙላት ስላለብሽ ብዙው ፍሬሽማን ቢፈልግም በሕግ አይፈቀድለትም። አውትባክ አድቬንቸርስ የሚባለው የግቢው ክፍል የእግር ጉዞና ካምፒንግ ያዘጋጃል። እየተራመዱ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጦ እንደማውራት አይከብድም። የመረጥሽው ቦታ ቢያንስ ሦስቴ ሂጂ። መጀመሪያ ቀን ጥግ ይዘሽ ትቆሚያለሽ፣ ሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ፈገግ ይልልሻል፣ ሦስተኛው ቀን «ባለፈው ሳምንት ነበርሽ አይደል?» ይባላል። ያኔ በቃ፣ ገብተሻል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም።

መልስ፦ ተገላገልክ፤ ፓርኪንጉ ራሱ ራስ ምታት ነው። ከኅዳር 2021 (በፈረንጆቹ ኖቬምበር) ጀምሮ የከተማው ባቡር (ትሮሊው) ብሉ ላይን የሚባለው መስመር ግቢው መሐል ይቆማል። መሐል ከተማ ያደርስሃል፣ ከፈለግክ እስከ ሜክሲኮ ድንበር። የተማሪ መሳፈሪያ ፈቃዱ ከምትከፍለው ክፍያ ውስጥ ስለተካተተ ለብቻ አትከፍልም።

ጥያቄ፦ ልጄ በጨዋታ ብዛት ትምህርቱን እንዳይጥል እፈራለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን የሚውለው ልጅ ነው ሲከብደው ማንንም ሳይጠይቅ የሚወድቀው። ሲደውሉለት ውጤቱን ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ስፖርት የሚታይበት ቀን ጭራሽ የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ! ቅርጫት ኳስ ነው የኛ። በፈረንጆቹ 2025 ወንዶቹም ሴቶቹም ቢግ ዌስት የሚባለውን የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ዋንጫ አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሔራዊው የዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ደረጃ) ውድድር ገቡ። ወንዶቹ በሚሺጋን 68 ለ 65 ተሸነፉ። ሦስት ነጥብ! አሁንም ያበግነኛል።

ጥያቄ፦ ግቢው ቅዳሜና እሁድ ባዶ ከሆነ የት ትውል ነበር?

መልስ፦ ባሕር ዳር ነዋ። ብላክስ ቢች ከገደሉ ሥር ነው፤ መውረዱ ቀላል ነው፣ ሲመለሱ ጉልበት ይጮሃል። ላ ሆያ ሾርስ ግን ሜዳ ነው። ሰርፍ መማር የፈለገ ሚሽን ቤይ አኳቲክ ሴንተር ይሂድ፤ ለተማሪ ትምህርት አላቸው። ውሃው ፊልም ላይ እንዳለው ሞቃት እንዳይመስልህ። አሸዋው ውስጥ ደግሞ ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ስቲንግሬይ፣ ተቀብሮ ይተኛል። ስለዚህ እግርህን ሳታነሳ እየጎተትክ ግባ። እኔ አንስቼ ረገጥኩት። የባሕር ዳር ነፍስ አድን ጠባቂዎቹ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው እስኪበርድልኝ ድረስ አልቅሻለሁ።

ማታ ማታ እሳት የሚነድባቸው ክብ ቦታዎች አሉ። መጠጥ በከተማው የባሕር ዳርቻዎች ክልክል ነው፣ እሳቱ ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከቀትር ጀምሮ ማገዶውን ታቅፎ ቦታ ይጠብቃል። እግሬን ከተወጋሁ ወዲህ መዋኘት ስለፈራሁ ጠባቂው እኔ ሆንኩ። አንድ ቅዳሜ ከጎኔ ያለውን ክብ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ነበር፤ እሱ እንጨት ይዞ ክብሪት ረስቷል። እኔ ደግሞ ክብሪት ይዤ ለሊቱ የሚበቃ እንጨት የለኝም። ያን ቀን በሁለት ፈንታ አንድ ትልቅ እሳት ነደደ።